ፐርሲቫል ፖት ማን ነበር?

ባለፈው ሴሚስተር በነርሲንግ ምርምር ክፍላችን አንድ የቤት ሥራ ተሰጠን። ለእያንዳንዳችን አንድ የሕክምና ዘርፍ ይደርሰንና፣ ከዘርፉ አንድ ተመራማሪ መርጠን ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመ፣ ሌሎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሱትና በሥራው ምን እንደተለወጠ በሁለት ገጽ እናቀርባለን። ለእኔ የደረሰኝ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ የሕፃናት ክትባት ሲደርሳት ለእኔ ብሎንና ብረት ደረሰኝ ብዬ አኮረፍኩ።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ ተመራማሪ ጽሑፍ ሲያወጣ፣ ከእሱ በኋላ የሚጽፉ ሰዎች ሐሳቡን ከተጠቀሙበት ከየት እንዳገኙት ይጠቅሳሉ። ይህ ሳይቴሽን ይባላል። ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ በ1960ዎቹ እነዚህን እየቆጠረ በመዝገብ ማውጣት ጀመረ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በኢትዮጵያ ላድርገው ብል ስቀንስ ስደምር እሳሳታለሁ።) በ2005 ደግሞ ሆርጌ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ አመጣ። የአንድ ሰው ኤች ኢንዴክስ 40 ነው ከተባለ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 40 ጊዜ የተጠቀሱ 40 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ዛሬ የፕሮፌሰሮች ሹመትና የምርምር ገንዘብ በከፊል በዚህ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ላይብረሪ ገብቼ ስፈልግ በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና በመቶ የሚቆጠር ጽሑፍ ያላቸው ፕሮፌሰሮች ሞልተዋል። አንዱን መርጬ ቁጥሩን ገልብጬ መገላገል እችል ነበር። ግን የጽሑፎቹን ርእስ እያነበብኩ ስወርድ አንድ ስም ደጋግሞ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ፖት። የፖት በሽታ በሕፃናት፣ የፖት በሽታ በእርጉዞች፣ የፖት በሽታ ቀዶ ሕክምና። ሆኖም በጽሑፎቹ መጨረሻ ባለው ዝርዝር ውስጥ ፖት የሚባል ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስሙን ርእስ ላይ ያወጡታል እንጂ አይጠቅሱትም። ሮበርት ሜርተን የሚባል የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ይህን አስተውሎታል፤ አንድ ግኝት ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ሲሆን ያገኘውን ሰው መጥቀስ ይቀራል ይላል። እኛስ መሬት ክብ ናት ስንል ማንን እንጠቅሳለን?

እኔን ያስቆመኝ ግን ይህ አልነበረም። ከርእሶቹ አንዱን ስከፍት አንድ የራጅ ፎቶ ወጣ። ከጎን የተነሣ የአንዲት ሴት አከርካሪ ነው። መሐል ላይ ሁለት አንጓዎች ተበልተው እንደ ሽብልቅ ሾልከዋል፤ ከእነሱ በላይ ያለው ጀርባ ወደ ፊት ታጥፎ ወደ ኋላ ሹል ጉብታ ወጥቷል። ራጅ ማንበብ ገና አልችልም። ቅርጹን ግን አውቀዋለሁ። የአያቴ ታናሽ እህት ጀርባ ነው።

እማማ ነው የምንላት። የምትኖረው ደሴ ነው። ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ሁለተኛው በ14 ዓመቴ ነው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ወደ ኋላ ሰፋ አድርጋ ትጥለዋለች፤ ጉብታው እንዳይታይ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ ጀርባዬን እሺልኝ ብላ ጠርታኝ ነበር። ጉብታውን መንካት ፈርቼ ዙሪያውን ዙሪያውን ሳሽ፣ ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ሁለት የሳንቲም ያህል ክብ ጠባሳ አየሁ። ምን እንደሆነ ብጠይቅ ሳቀች። እማዬን ስጠይቃት እማማ በልጅነቷ ከዛፍ ወድቃ ነው አለችኝ። በቤታችን ስለዚህ የሚነገረው ይኸው ብቻ ነበር።

እና የቤት ሥራዬን ለፖት ሰጠሁት። መምህሬ የሞተ ሰው መምረጥ እንደሚቻል ስትነግረኝ 1788 የሞተ ይመጣብኛል ብላ ያሰበች አይመስለኝም።

ፐርሲቫል ፖት በ1714 ለንደን ከተማ፣ ትሬድኒድል በሚባለው ጎዳና ተወለደ። ዛሬ የእንግሊዝ ባንክ የቆመበት አካባቢ ነው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተ እናቱ ለብቻዋ አሳደገችው። ዘመዳቸው የሆነ የሮቸስተር ጳጳስ ይረዳቸው ነበር። በ1729፣ በ15 ዓመቱ፣ ኤድዋርድ ኖርስ ለሚባል የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም 200 ጊኒ ተከፍሎ ሙያ እንዲማር ገባ። በዚያ ዘመን ቀዶ ሕክምና የሚማረው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልነበረም፤ እንደ አንጥረኛ ወይም እንደ ልብስ ሰፊ ከባለሙያ ሥር ሰባት ዓመት ተቀምጦ ነው። የፖት ሥራ ኖርስ ለሚያስተምርበት ትምህርት ሬሳ እየከፈቱ ማዘጋጀት ነበር። ከዚህ ሥራ ያገኘው ዓይን እስከ መጨረሻው ጠቅሞታል።

በ1736 ሲመረቅ የተቀበለው ማኅበር ስሙ የጸጉር አስተካካዮችና የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ነው። ጢም የሚላጨውና እግር የሚቆርጠው በአንድ ማኅበር ነበሩ። የተለያዩት በ1745 ነው። ፖትም በዚያው ሰሞን በቅዱስ በርተሎሜዎስ ረዳት ቀዶ ሐኪም ሆነ፤ በ1749 ሙሉ ቀዶ ሐኪም። በ1746 ሣራ ክራተንደንን አግብቶ ብዙ ልጆች ወልደዋል።

ስለ ሆስፒታሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለእኛ ለነርሶች ይመለከተናል። ፖት ሥራ በጀመረበት ጊዜ ሐኪሙ በሽተኞችን እየዞረ ቁስል ሲያይ ረዳቶቹ ክፍሉ ውስጥ ብረት በእሳት ያግሉ ነበር። የሚደማ ወይም ያላማረ ቁስል ከተገኘ በጋለው ብረት ይተኮሳል። ሁሉም በሽተኛ አልጋው ላይ ሆኖ ብረቱ ሲግል ያያል። እንግዲህ ማደንዘዣ የሚባል ነገር ሊመጣ ገና መቶ ዓመት ይቀረዋል። ፖት ይህን ልማድ ከተቃወሙት አንዱ ነው። ለስላሳ እጅና ቀላል ፋሻ ይበቃል የሚል ሰው ነበር። ሲያረጅ የጋለ ብረት ከክፍሉ ጠፍቶ አይቷል።

እስከ 42 ዓመቱ ድረስ ፖት ይህ ነው የሚባል መጽሐፍ አልጻፈም። በዛሬው መለኪያ ኤች ኢንዴክሱ ከዜሮ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ምናልባትም ሹመት ይከለከል ነበር። ደራሲ ያደረገው ውድቀት ነው።

በ1756 ጥር ወር በሽተኛ ለማየት በሳዘርክ በኩል በፈረስ ሲሄድ ፈረሱ ጣለው። የባቱ አጥንት ተሰብሮ ቆዳውን በስቶ ወጣ። በዚያ ዘመን ክፍት ስብራት ማለት አብዛኛውን ጊዜ እግር መቆረጥ ወይም ሞት ነው። ሰዎች ሊያነሡት ሲሮጡ እንዳይነኩት ከለከለ። በጋሪ ከተጫነ በድንጋዩ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ አጥንቱ ሥጋውንና የደም ሥሩን ይበጣጥሰዋል፤ ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ በቦታው አልነበረም። ስለዚህ ሰው በወንበር ተሸክመው የሚያጓጉዙ ሁለት ሸካሚዎች ከነመሎጊያቸው ከዌስትሚንስተር እንዲመጡ ላከ። እስኪመጡ በጥር ብርድ በቀዝቃዛው መንገድ ላይ ተኝቶ ጠበቀ። እዚያው እንደተኛ አንድ በር ገዛ። ሸካሚዎቹ ሲደርሱ መሎጊያቸውን በበሩ ላይ በምስማር አስመታ፤ በቀስታ በሩ ላይ አስተኙት፤ የለንደንን ድልድይ አሻግረው ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ ዋትሊንግ ጎዳና ካለው ቤቱ አደረሱት።

ይህን ሳነብ በሁለተኛው ሴሚስተር ስለ አከርካሪ ጉዳተኛ አያያዝ የተማርነው ትዝ አለኝ። ጠፍጣፋና ጠንካራ ነገር፣ ሰውነቱን ሳያጣምሙ በአንድ ላይ ማንሣት፣ አለመቸኮል። እኛ በፕላስቲክ አሻንጉሊት ላይ አሥር ጊዜ ተለማምደን የሠራነውን እሱ አጥንቱ ወጥቶ፣ ራሱ በሽተኛ ራሱ አዛዥ ሆኖ ሠራው።

ቤቱ የተሰበሰቡት ሐኪሞች እግሩ መቆረጥ አለበት አሉ። ፖትም ተስማማ። መሣሪያው ወጥቶ ተዘረጋ። በመጨረሻው ሰዓት የድሮ መምህሩ ኖርስ ገባ፤ እግሩን አይቶ ማዳን ይሞከር አለ። አጥንቱን ወደ ቦታው መልሰው አሠሩት፤ ቁስሉም ሳይመረቅዝ ዳነ። ሳምንታት አልጋ ላይ መዋሉ አይቀርምና፣ እዚያው ተኝቶ ስለ ቡአ የመጀመሪያውን ትልቅ መጽሐፉን ጻፈ። በዚያው በ1756 ታተመ።

ከዚያ ወዲያ አልቆመም። በ1758 ስለ ዓይን እንባ መውረጃ ቱቦ ቁስል፣ በ1760 ስለ ራስ ቅል ጉዳት፣ በ1762 በቆለጥ ዙሪያ ስለሚጠራቀም ውኃ፣ በ1765 ስለ ፊስቱላ፣ በ1768 ስለ ስብራትና ውልቃት። ሁሉንም ላብራራ አልችልም፤ ብችልም ታንቀላፋላችሁ። ግን ስሙ የቀረባቸውን እዩ። ራስ ቅል ተመትቶ ወይም ተመርዞ ግንባር ላይ የሚወጣው ለስላሳ እብጠት እስከ ዛሬ በፖት ስም ይጠራል። የቁርጭምጭሚት ስብራት አንዱ ዓይነት የፖት ስብራት ይባላል፤ ብዙ ሰው ፖት ራሱ የተሰበረው እዚያ ይመስለዋል፣ የእሱ ግን ባቱ ነበር። በ1764 የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል፣ በ1765 የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አለቃ ሆነ። ንግግሩን ለመስማት ተማሪ ይጎርፍ ነበር፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ጆን ሀንተር ነው፤ በኋላ ከመምህሩም በላይ የገነነው።

የ1775ቱ መጽሐፍ ውስጥ ጥቂት ገጾች ብቻ የያዘች አጭር ምዕራፍ አለች። የጭስ ማውጫ ስለሚጠርጉ ልጆች ናት። በለንደን የድሃ ልጆችን በአራትና በአምስት ዓመታቸው ለጠራጊዎች ይሰጧቸው ነበር፤ ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ሰው አይገባበትም። ልጆቹ እየተዳጡ፣ አንዳንዴም ገና ባልበረደ የጭስ ማውጫ ውስጥ ይወጣሉ። ጥቀርሻው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ ይከርማል። ሲጎረምሱ በቆለጣቸው ቆዳ ላይ ቁስል ይወጣባቸዋል። ሌላው ሐኪም ሁሉ የአባላዘር በሽታ ነው እያለ በሜርኩሪ ያክማቸው ነበር። ፖት በሽታው ካንሰር እንደሆነ፣ ምክንያቱም ጥቀርሻው እንደሆነ ጻፈ። ካንሰርን ከሥራ ጋር ያያያዘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ልጆቹ ስለሚደርስባቸው ጭካኔም ሳይደብቅ ጽፏል፤ ይህ በአንድ የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የሚጠበቅ አልነበረም።

በ1788 እንግሊዝ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ለዚህ ሥራ እንዳይቀጠር ሕግ አወጣች፤ የሚያስፈጽመው ግን አልነበረም፤ ልጆች መውጣታቸውን ለማስቆም እስከ 1875 ድረስ ሌሎች ሕጎች አስፈልገዋል። በሳይንሱ በኩል ደግሞ በ1915 ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉ ጃፓናውያን የጥንቸል ጆሮ ላይ ሬንጅ እየቀቡ ካንሰር አወጡ። በ1930ዎቹ የለንደን ተመራማሪዎች በሬንጅ ውስጥ ያለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል ነጥለው አገኙ። ያቺ አጭር ምዕራፍ ፍሬዋ እስኪበስል መቶ ሃምሳ ዓመት ግድም ፈጀ። የአምስት ዓመት ሳይቴሽን ቢቆጠርላት ኖሮ ምንም አይወጣትም ነበር።

አሁን ወደ አከርካሪው ልምጣ። በ1779 ፖት ከጀርባ መጉበጥ ጋር ስለሚመጣ የእግር ሽባነት ትንሽ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1782 ደግሞ ተከታዩን። የጻፈው ያየውን ነው። ልጁ ደህና ሲራመድ የነበረ ነው። መጀመሪያ ቶሎ ይደክመዋል፤ መጫወት ይጠላል፤ ሲሄድ ይደናቀፋል፤ እግሮቹ ሳያስበው ይጠላለፋሉ። ቀስ በቀስ እግሮቹ መታዘዝ ይተዋሉ። ፖት ያስተዋለው ትልቅ ነገር እግሮቹ እንደ ሌላው ሽባ ልፍስፍስ አለማለታቸው ነው። ይገትራሉ፤ ይንዘረዘራሉ፤ ጉልበቱን ለማጠፍ ይቸግራል። ዛሬ ይህ ኅብለ ሰረሰር ከላይ ሲጫን የሚታይ ምልክት መሆኑን በመጀመሪያ ዓመት እንማራለን። እሱ ያገኘው እያንዳንዱን በሽተኛ በእጁ እየነካ ነው።

በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ልጁ ወድቆ ነው፣ ከባድ ነገር አንሥቶ ነው፣ ሞግዚቷ ጥላው ነው ይል ነበር። አከርካሪው ከቦታው ወልቋል ብለው ልጆችን በብረት ቀሚስ ያስሯቸዋል፤ በአንገታቸው አንጠልጥለው ሊያቀኗቸው ይሞክራሉ። ፖት የሞቱትን ከፍቶ አየ። የወለቀ ነገር የለም። የአንጓዎቹ አካል በውስጥ በስብሷል፤ በአጥንቱና በኅብለ ሰረሰሩ ሽፋን መሐል መግል ተጠራቅሟል። ስለዚህ መጀመሪያ አጥንቱ ይታመማል፤ መጉበጡ ከዚያ ይከተላል፤ ብረቱም አይጠቅምም፤ ይጎዳል እንጂ። ወድቆ ነው የሚለውን ወሬ በሬሳ ምርመራ ዘጋው። እዚህ ላይ ስደርስ እማዬ ከዛፍ ወድቃ ነው ያለችኝን አስታወስኩ።

በሽታው ቲቢ መሆኑን ፖት አላወቀም። ባክቴሪያውን ሮበርት ኮክ ያስታወቀው በ1882 ነው፤ ፖት ከሞተ ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ። አንገት ላይ ከሚወጣው እጢ ጋር ዝምድና እንዳለው ግን ጠርጥሯል። በሽታው ራሱ ጥንታዊ ነው፤ በግብፅ ሙሚያዎች አከርካሪ ላይ ተገኝቷል።

ሕክምናው? እዚህ ላይ ፖትን ላመሰግነው አልችልም። ዎርስተር ከሚባል ከተማ ያለ አንድ ሐኪም፣ ሂፖክራተስ ጀርባው ላይ መግል ወጥቶለት የዳነ ሽባ እንዳየ ነገረው። ፖትም መግሉ መውጫ ቢያገኝ ብሎ፣ ከጉብታው ግራና ቀኝ ቆዳውን በሚያቃጥል መድኃኒት እያቆሰለ፣ ቁስሉ እንዳይገጥም ለወራት ክፍት እያደረገ ማከም ጀመረ። የጋለ ብረትን ከሆስፒታሉ ያስወጣው ሰው ማለት ነው። አንዳንዶቹ ዳኑ፤ ያዳናቸው ግን ምናልባት በዚያን ሁሉ ወራት ተኝተው ማረፋቸው ነው። በዚያው በ1779፣ ሩዋን በሚባል የፈረንሳይ ከተማ ዣን ፒየር ዳቪድ የተባለ ቀዶ ሐኪም ያንኑ በሽታ ገልጾ፣ መድኃኒቱ እረፍት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ዳቪድ በሕክምናው ከፖት የተሻለ ትክክል ነበር። በሽታው ግን የፖት ተባለ። ዳቪድን ዛሬ የሚያውቀው የታሪክ ሰው ብቻ ነው። ሳይቴሽን ፍትሕ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ይህን ይይልኝ።

አሁን ልብ አላችሁ? ከጉብታው ግራና ቀኝ። ሁለት ክብ ጠባሳ።

የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና እንደምናውቀው የተወለደው ከዚህ በሽታ ነው። በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ፣ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ፣ በቲቢ የተበላ አከርካሪ እንዳይጎብጥ አንጓዎችን አንድ ላይ የሚያጣብቅ ቀዶ ሕክምና አሳተሙ፤ አልቢ ከባት አጥንት ቆርጦ እየተከለ። ዛሬ ለጀርባ መጣመምና ለስብራት የሚሠራው የማጣበቅ ቀዶ ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው። በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን ሲገኝ ደግሞ ብዙዎች ያለ ቀዶ ሕክምና መዳን ጀመሩ።

ፖት በ1787 ከሆስፒታሉ ተሰናበተ። በታኅሣሥ 1788 በከባድ ብርድ ከለንደን ውጪ ርቆ በሽተኛ ሊያይ ሄደ፤ ብርዱ መታውና በዚያው ወር በ22 ሞተ። በ74 ዓመቱ ማለት ነው። ከእናቱ አጠገብ ተቀበረ። ሥራዎቹን ሰብስቦ ታሪኩን ጽፎ በ1790 ያሳተመው አማቹ ጄምስ ኧርል ነው፤ ያ የበሩ ታሪክ የቆየልን በእሱ ነው።

እንግዲህ የራሴን ልናገር። ወደ ነርሲንግ ስገባ እንደ ሁሉም ተማሪ የቲቢ የደም ምርመራ አደረግሁ። ፖዘቲቭ ወጣ። የደረቴ ራጅ ንጹሕ ነበር፤ ተኝቶ ያለ ቲቢ ነው፣ ወደ ማንም አይተላለፍም፣ ግን አንድ ቀን እንዳይነሣ መድኃኒት ውሰጂ ተባልኩ። አራት ወር ሙሉ ሽንቴን ብርቱካንማ የሚያደርግ ክኒን ዋጥሁ። እማዬ ለማንም እንዳትናገሪ አለችኝ፤ ለአክስቶቼም፣ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼም። ክኒኑን የቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ደበቅሁት። ሰው ሲጠይቀኝ ቫይታሚን ነው እላለሁ። በአማርኛ ሁለቱም ነቀርሳ መባላቸው አልጠቀመኝም፤ ካንሰርም ነቀርሳ፣ ቲቢም የሳንባ ነቀርሳ። ፖት ስሙን በሁለቱም ላይ የተወ ሰው መሆኑ ግን ይገርማል።

የቤት ሥራዬን ካስረከብኩ በኋላ ለእማማ በኢሞ ደወልኩ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ጀርባሽን ምን ሆነሽ ነው ብዬ በቀጥታ ጠየቅኋት። እማዬ በክርኗ ጎሰመችኝ። እማማ ግን ምንም አልመሰላትም። ስምንት ዓመቷ ግድም ሆና እግሯ ይጠላለፍባት ጀመር፤ ወጌሻ አይቷት ተኮሳት፤ ጠበልም ሄደች፤ ከዚያ ጨርሳ መነሣት አቃታት። ደሴ ሆስፒታል ወሰዷት። ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ጀርባዋ ውስጥ እንደገባ ለአባቷ ነገረው። በየቀኑ መርፌ ተወጋች፣ ለብዙ ወር። ተነሥታ ሄደች። ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ መንገድ ላይ ቤተሰቡን ሁሉ አስቁሞ፣ ከዛፍ ወድቃ ነው በሉ አለ፤ አለዚያ የሚያገባት አይገኝም፣ እህቶቿንም። እሷ አልረሳችውም። ስልሳ ዓመት ሙሉ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው።

እማዬ ዝም አለች። እኔም ክኒኔን ለእማማ ነገርኳት። ጨረስሽው ወይ አለች፤ ጨረስኩት አልኳት። ጎበዝ ብላ ወደ ሌላ ወሬ ልትሄድ ስትል ስለ ፖት ነገርኳት፤ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ብርዱ፣ መንገድ ላይ ተኝቶ ስለ ገዛው በር። ይህን ወደደችው። እሷንም ከገጠር ወደ ደሴ የወሰዷት በቃሬዛ ነበር፤ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት፣ መሐሉ ላይ ጋቢ ታስሮ፣ አራት ሰው እየተፈራረቀ፣ ከሌሊት ተነሥተው። ጋቢው ይረግባል፣ ጀርባዋ ይታጠፋል፣ በየጉብታው ትጮህ ነበር። በር ቢኖራቸው ኖሮ ይሻል ነበር አለች። ከዚያ ደግሞ ያ ሰውዬ በሩን ስንት እንደ ገዛው ጠየቀችኝ።